አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ሀበሾች፣ ልጆቻችሁን ዱክ ስትሪት ውሰዷቸው

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም ይዘን የምንሮጠው ዲሲ ነው፣ ዋይት ሀውስ ፎቶ፣ ሊንከን ጋ ፎቶ፣ በቃ። ኦልድ ታውን ከወረድንም ኪንግ ስትሪት አይስክሬም በልተን ወንዙ ዳር ዞር ዞር ብለን ነው የምንመለሰው። ከተማዋ እኮ እ.ኤ.አ. በ1749 የተቆረቆረች ናት። ጆርጅ ዋሽንግተን ይጸልይበት የነበረው ክራይስት ቸርች ዛሬም አለ፣ እሱንም እዩት፣ እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለዱክ ስትሪት 1315 ነው።

ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ በእግር ይደረሳል፣ ከውጪ ሲያዩት ተራ የጡብ ቤት ነው። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ የባሪያ ነጋዴዎች ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የገዟቸውን ጥቁሮች እዚህ እያጎሩ ግማሹን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ግማሹን በሰንሰለት አስረው በእግር ወደ ሚሲሲፒ ይነዱ ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር ህዝብ ነው፣ ስንቷ እናት ከልጇ ተለያይታበታለች። እነሱ ሲተዉትም ሌሎች ነጋዴዎች እየተቀባበሉ ቀጠሉበት፣ የቆመው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1861 የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ነው። አሁን ፍሪደም ሀውስ የሚባል ሙዚየም ሆኗል፣ የሚከፈትበትን ቀን ግን ቀድማችሁ ቼክ አርጉ።

ለልጆች በጣም የሚገባቸው ደሞ የክዊን ስትሪቱ ላይብረሪ ታሪክ ነው። ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች አንድ በአንድ ገብተው ካርድ ጠየቁ፣ ጥቁር በመሆናቸው ተከለከሉ፣ ከዛ እያንዳንዳቸው መጽሐፍ አንስተው የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። ነገሩን ያቀናበረው እዛው ከተማ የተወለደ ሳሙኤል ታከር የሚባል የ26 ዓመት ጠበቃ ነበር። ከተማው ግን በሩን በመክፈት ፈንታ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ ሌላ ትንሽ ላይብረሪ ሰራላቸው፣ ታከር የዛን ካርድ አልቀበልም አለ። ያ ህንፃ ዛሬ ዋይዝ ስትሪት ላይ ያለው የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው።

ይሄ የነሱ ታሪክ ነው እኛን አይመለከትም የምትሉ ካላችሁ፣ ለአፍሪካውያን የአሜሪካን በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ህግ የወጣው እነዚህ ሰዎች የጀመሩት የመብት ትግል በጋለበት ሰዓት ነው። ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ጥቁር ተብለው ነው የሚቆጠሩት፣ ስለዚ ከኛ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ኪንግ ስትሪት ላይ የሚመላለሰው ትሮሊ በነፃ ነው፣ ፓርኪንግ ፍለጋ አትንከራተቱ። የክዊን ስትሪቱ ላይብረሪም ዛሬም ይሰራል፣ ካርድ የሌላችሁ መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ እዛው ለልጆቹም ለናንተም አውጡ።