ሻሽ ማስክ አይሆንም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ አንድ ሳይት ላይ በር ለማውጣት የአርማታ ግድግዳ በግራይንደር እየቆረጥኩ ነው። ትልቁ ዲስክ አልገባ ሲለኝ ጓደኛዬ «የዲስኩን ሽፋን አውልቀው» አለኝ። ላውልቀው? አፌን በሻሽ ማሰርስ ይበቃኛል?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ እንዳታወልቀው! ትንሹ የ115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ትልቁ የ230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚችለው 6,600 አካባቢ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። ከዚያ ካለፈ ይበተናል። በወጣትነቴ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ሆኖበት ጉንጩ ተሰነጠቀ። ደም የነካው ቱታው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ሻሹ ደግሞ አይበቃም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለው አሸዋ ሲፈጭ በዓይን የማይታይ የሲሊካ ብናኝ ይወጣል። ጨርቁን አልፎ ሳንባህ ውስጥ ይቀመጣል። የሚያመጣው ሲሊኮሲስ መዳኛ የለውም፤ ጠባሳው አይጠፋም። አሠሪህን ረቂቅ ብናኝ የሚያጣራ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ3 ማስክ ጠይቅ። ጺምህንም ተላጭ፣ አለዚያ በጎን ያስገባል። በውሃ መቁረጥ አቧራውን በጣም ይቀንሳል። ግን ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ እንዳታፈስ፣ ኤሌክትሪክ ይይዝሃል! ለውሃ የተሠራ መቁረጫ ይከራዩልህ።

ስትቆርጥ በአንዴ አትጥለቅ። መጀመሪያ ስስ መስመር አውጣ፣ ከዚያ እየደጋገምክ ግባ። ዲስኩን አታጣምመው። ከተቀረቀረ ማሽኑ ወደ አንተ ይዘላል፤ ፊትህ በዲስኩ መስመር ላይ አይሁን። ፌሮ ስትነካ ድምፁ ይቀየራል። ያኔ አቁምና ኢንጂነሩን ጥራ።