ቦጎታን በሁለት ቀን

ጥያቄ፦ ብቻዬን የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ደርሼ እሑድና ሰኞን አድራለሁ። ሙዚየሞቹን በምን ቅደም ተከተል ልያቸው?

መልስ፦ የወርቅ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ስለሆነ እሑድን ለእሱ ይስጡት። የእሑድ መግቢያ በነጻ ነው፤ ሰልፉም የዚያኑ ያህል ይረዝማልና በሩ ሲከፈት ይገኙ። የሙይስካዎችን (የአካባቢው ጥንታዊ ሕዝብ) የወርቅ ታንኳ ሳያዩ እንዳይወጡ፦ ርዝመቷ ስንዝር አይሞላም፣ መሐል ላይ አለቃው ገዝፎ፣ ዙሪያውን አጃቢዎቹ አንሰው ይታያሉ። ለብቻዋ ሰዓት ይገባታል።

ሰኞ ላ ካንዴላሪያ ሰፈር ወዳለው የኮሎምቢያዊው ሠዓሊ የቦቴሮ ሙዚየም ይሂዱ (እሱ የሚዘጋው ማክሰኞ ነው)፤ ሁልጊዜም በነጻ ነው። መንገድ ከጠፋዎት ተራሮቹን ይፈልጉ፤ ምሥራቅ በዚያ ነው። ስልክዎን መንገድ ላይ አያውጡ። ሲመሽ ሰፈሩ ጭር ስለሚል በታክሲ ይመለሱ።

ከተማዋ 2,640 ሜትር ላይ ናት፤ ለአዲስ አበቤ ብዙም አይከብድም፤ ከዱባይ የሚነሳ ግን የመጀመሪያውን ቀን ዝግ ብሎ ይራመድ።