ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ለመጎተትና ለሩቅ የጥርጊያ መንገድ ጉዞ፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ለመግዛት እየተዘጋጁ ያሉና መኪናውን ከባድ ተጎታች ለመሳብም ከአስፋልት ውጭ ረጅም ጉዞ ለመጓዝም የሚፈልጉ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ። መኪና አልሸጥም፤ ነገር ግን ለዓመታት ተጎታች ይዤ ስጓዝ የተማርኩት ስላለ የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም አምራቾች ለማለት ይቻላል፣ መኪናቸው 3,500 ኪሎ ግራም እንደሚጎትት ይናገራሉ። ታዲያ የሚያበላልጣቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎርድ ሬንጀር፣ አይሱዙ ዲማክስና አዲሱ ሚትሱቢሺ ትራይተን በብዙ ገበያዎች ፍሬን ላለው ተጎታች የሚሰጡት ቁጥር ይኸው 3,500 ነው። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ ከጎኑ ሌሎች ሦስት ጣሪያዎች አሉ። አንደኛው መኪናው ራሱ ተሳፋሪውንና ጭነቱን ጨምሮ ሊመዝን የሚፈቀድለት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ አክሰል ለየብቻው የሚችለው ነው። ሦስተኛው መኪናውና ተጎታቹ አንድ ላይ ተደምረው ሊያልፉት የማይገባ ክብደት ነው። አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተው በሦስተኛው ላይ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ባዶውን 2,150 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነጭነቱ እስከ 3,100 ኪሎ የተፈቀደለት፣ የድምር ጣሪያው ደግሞ 6,000 ኪሎ የሆነ ፒክአፕ አለ እንበል። ይህ መኪና 3,500 ኪሎ ተጎታች ሲይዝ ለራሱ የሚቀረው 2,500 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ለሰው፣ ለሻንጣ፣ ለተጨማሪ ባትሪና ለብረት ፓራውልት በድምሩ የሚተርፈው 350 ኪሎ ነው። አራት ጎልማሶች ከነልብሳቸው ብቻቸውን ይሞሉታል። ተጎታቹ 2,500 ኪሎ ቢሆን ኖሮ ግን የድምሩ ጣሪያ አስጨናቂ መሆኑ ይቀርና የመኪናው የራሱ ጣሪያ ብቻ ይወስናል፤ ተጎታቹ በመንጠቆው ላይ የሚጭነው 250 ኪሎ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ 700 ኪሎ ያህል ይተርፋል። ስለዚህ ምን ያህል ይጎትታል ብለው አይጠይቁ፤ እኔ የምጎትተውን እየጎተተ ምን ያህል ይሸከማል ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ያን ያህል አሳሳቢ ነው?

መልስ፦ አዎ፤ ከሚመስለውም በላይ ነው። ለመኖሪያ ተጎታች የተለመደው መነሻ ከአጠቃላይ ክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ በመንጠቆው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው፤ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ግን እንደ መኪናውና እንደ አገሩ ስለሚለያይ በመመሪያው መጽሐፍ ይታይ። ይህ ክብደት ከኋላው አክሰል ጀርባ ስለሚያርፍ ምሶሶ ላይ እንደተቀመጠ እንጨት የፊቱን ወደ ላይ ያነሳል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3.1 ሜትር፣ ተጎታቹ የሚያያዝበት የመንጠቆ ኳስ ከኋላው አክሰል 1.2 ሜትር ወጣ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ፣ 300 ኪሎ ጫና በኋላው አክሰል ላይ የሚጨምረው 300 ሳይሆን 416 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትርፉ 116 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ የተነሳ ነው። መሪው የሚቀልለው፣ የፊት መብራቱ ሰማይ የሚያየው፣ ፍሬን ሲያዝ የፊት ጎማ መያዣ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጫናውን ለመቀነስ ብለው ዕቃውን ወደ ተጎታቹ ጅራት ቢገፉት ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ውዝዋዜ ሲነሳ የመኪናውን ፍሬን አጥብቆ መርገጥም መሪን ማጥመዝም አይገባም፤ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ፣ ካለ የተጎታቹን ፍሬን ብቻውን በእጅ መያዝ ነው። ከባዱን ዕቃ በተጎታቹ አክሰል ላይና ዝቅ አድርጎ መጫን ግን ነገሩን ከሥሩ ይከላከላል።

ጥያቄ፦ አራት ሲሊንደር ይበቃል ወይስ ባለ ስድስቱን ልጠብቅ?

መልስ፦ የሚጎትቱት ከ2,500 ኪሎ በታች ከሆነ አራቱ ይበቃል። የሃይሉክስ 2.8 ሊትር ሞተር በኦቶማቲክ 500 ኒውተን ሜትር (የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ)፣ የዲማክስ 3.0 ሊትር 450፣ የትራይተን 2.4 ሊትር 470 ይሰጣሉ፤ የሬንጀር 3.0 ሊትር ቪ ስድስት 600 ይደርሳል። ቁጥሮቹ እንደ ገበያው ይለያያሉ። እኔ ግን ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የሚገኝበትን ዙር አስቀድሜ አያለሁ፤ ዲማክስ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን በደቂቃ ከ1,600 እስከ 2,600 የሞተር ዙር ድረስ ስለሚይዝ በወረቀት ላይ አነስተኛ ቢመስልም ዳገት ላይ ሳይጨነቅ ይሠራል። ባለ ስድስቱ የሚጠቅመው በየሳምንቱ ሦስት ቶን የሚጎትት ሰው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚጎትት ሰው ግን ልዩነቱ ዳገቱን ሁለት ደቂቃ ቀድሞ መጨረስ ነው።

ጥያቄ፦ ማንዋል ካምቢዮ ይሻላል የሚሉ አሮጌ ሾፌሮች አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በዘመናቸው እውነት ነበር። ዛሬ በከባድ ተጎታች ዳገት ላይ መነሳት ፍሪሲዮንን ያቃጥላል፤ ኦቶማቲኩ ግን የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ ይታገሳል። የሃይሉክስ ማንዋል እንዲያውም የሚሰጠው 420 ኒውተን ሜትር ነው፤ ኦቶማቲኩ 80 ይበልጠዋል። የኦቶማቲክ ጠላት ሙቀት ነው። በአሸዋና በዳገት በዝግታ ሲሄዱ የካምቢዮው ዘይት ስለሚግል ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርገው ይያዙት፤ በከፍተኛው ማርሽና በዝቅተኛው መካከል እየተመላለሰ እንዲፈልግ አይተዉት። ዘይቱን ጨርሶ መቀየር አያስፈልግም የሚለውን አባባል ከባድ የሚጎትት ሰው ባይቀበለው ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ፎር ዊል ሥርዓታቸው ልዩነት ቢያብራሩልን?

መልስ፦ በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በአስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድና ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላውን አክሰል በአንድነት የሚያስር ነው። እንዲህ የታሰረ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት እኩል ስላልሆነ ውጥረቱ የሚወጣበት ያጣል፤ ማርሹ ይያዛል፤ ሲደጋገምም ዕቃ ይሰበራል። ሁለተኛው በመካከል ልዩነቱን የሚያስታርቅ ክፍል ያለው ነው፤ የትራይተን ሱፐር ሴሌክት የተባለው ሥርዓት በዲፈረንሻል፣ የሬንጀር ቪ ስድስት በራሱ በሚያመዛዝን ክላች ይህን ስለሚሠሩ ፎር ዊልን በአስፋልትም ላይ መጠቀም ያስችላሉ።

ለሚጎትት ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ተጎታች ይዘው ከመገናኛ መንገድ ሲነሱ የኋላው ጎማ ብቻ ሲጎትት ይንሸራተታል፤ ከጠጠር ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ጠጠር በሚቀያየር መንገድም በየጊዜው መለዋወጡ ይቀራል። በሁለት እኩል መኪናዎች መካከል ቢያመነቱ ይህ ያለውን ይምረጡ። በጭቃና በድንጋይ ላይ ግን የሚያድነው ሌላ ነው፤ ትክክለኛ ሎው ማርሽና የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ። አንድ ጎማ በአየር ላይ ሲንጠለጠል ኮምፒዩተሩ ያንን ጎማ በፍሬን እየያዘ ኃይሉን ወደ ሌላው ለማዞር ይሞክራል፤ መቆለፊያው ግን ሁለቱንም ወዲያው እኩል ያዞራል።

ጥያቄ፦ ከኋላ ዝቅ እንዳይል በባሌስትራው ላይ የአየር ከረጢት ልጨምር አስባለሁ። ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ በጥንቃቄ። ደብል ጋቢና ፒክአፕ የጭነት ሳጥኑ አብዛኛው ክፍል ከኋላው አክሰል በስተጀርባ ስለሚዘረጋ ሻንሲው ቀድሞውኑ የሚጎብጥበት ቦታ አለው፤ እሱም በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ነው። ባሌስትራ ጭነቱን በሁለት ጫፎቹ በኩል አከፋፍሎ ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል፤ የአየር ከረጢት ግን በመካከሉ በአንድ ነጥብ ይገፋል። ከበድ ያለ መንጠቆ፣ ሙሉ ሳጥን፣ የተነፋ ከረጢትና በፍጥነት የተመታ ጉድጓድ ሲገናኙ ሻንሲው ይታጠፋል። እንዲህ የታጠፈ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጋቢናው ጀርባና የሳጥኑ ግንባር ከላይ ተራርቀው ከታች ተጠጋግተው ነበር፤ ባለቤቱም ከነጭነቱ ተመዝኖ እንደማያውቅ ነገረኝ።

የሚያስፈልገው ለቋሚው ክብደት የሚመጥን ባሌስትራ መቀየር፣ ከዚያም ጭነትን መቀነስ ነው። የመኪናውን የራሱን የተፈቀደ ክብደት በሕጋዊ መንገድ ማሳደግ ቢቻል እንኳ የድምሩ ጣሪያ በራሱ አብሮ እንደማያድግ ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ 17 ወይስ 18 ቸርኬ? ጎማውስ?

መልስ፦ 17። የቸርኬው ቁመት በቀነሰ መጠን የጎማው ጎን ይረዝማል፤ ከአስፋልት ውጭ አየር ቀንሰው ሲሄዱ የሚተጣጠፈው ያ ጎን ነው። ለአሸዋ እስከ 18 ፒኤስአይ ድረስ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ያኔ በዝግታ መሄድና ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ኮምፕሬሰር ይያዙ። ከመጠን በላይ ትልቅ ጎማ አይግጠሙ፤ ማርሹን ያረዝመዋል፣ ፍሬኑንም ያዳክማል። የተጎታቹ ጎማ ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን አንድ መለዋወጫ ለሁለቱም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጥቀርሻ ማጣሪያ ችግር ያመጣል ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ ችግር የሚያመጣው በአጭር የከተማ ጉዞ ብቻ ለሚውል መኪና ነው። ማጣሪያው የሰበሰበውን ጥቀርሻ 600 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት በየጊዜው ማቃጠል አለበት፤ ሥራው ሳያልቅ ሞተሩ ከጠፋ በተደጋጋሚ ይቋረጣል፣ ለማቃጠያ የተረጨው ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ረጅም መንገድ መጎተት እንዲያውም ይጠቅመዋል። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። ዝቅተኛ አመድ ያለው፣ አምራቹ ያዘዘው ዘይት ብቻ ይጠቀሙ፤ ምክንያቱም ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ አመድ ግን እዚያው ይቀራል። እንዲሁም ማጣሪያው እየተቃጠለ ሳለ በደረቅ ረጅም ሣር ላይ አይቁሙ፤ ከሥር የተጠራቀመ ሣር በዚህ ሙቀት እሳት ይይዛል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ወደሚሸጥበት አካባቢ የሚዘልቁ ከሆነ መኪናው ያንን መቻሉን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ። ጭሱን ለማጽዳት ዩሪያ ፈሳሽ የሚጠቀም ከሆነም ፈሳሹ ካለቀ ሞተሩ ጠፍቶ ዳግም ላይነሳ ስለሚችል ትርፍ ይያዙ።

ጥያቄ፦ በአንድ ሰልባቲዮ ምን ያህል እሄዳለሁ?

መልስ፦ ባዶውን በ100 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም ዘጠኝ ሊትር የሚበላ መኪና ትልቅ የመኖሪያ ተጎታች ሲይዝ 17 ሊትር ቢበላ አይደነቁ። 80 ሊትር ሰልባቲዮ ካለዎትና አሥሩን ለመጠባበቂያ ከተዉ 410 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ ዳገት ላይ ይጎዳል፤ ሜዳ ላይ ግን የሚበላው የነፋስ ተቃውሞ ነው። ይህ ተቃውሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ከ100 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ ማለት ብቻ የነፋሱን ግፊት በ36 በመቶ ይቀንሰዋል። ከማንኛውም ተጨማሪ ሰልባቲዮ የሚረክሰው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የውኃ መሻገሪያ ጥልቀቱስ?

መልስ፦ 700 ወይም 800 ሚሊ ሜትር የተጻፈው ለረጋ ውኃ ነው። የሚፈስስ ውኃ ከዚያ ባነሰም ያንሳፍፋል። የተጎታቹን የኤሌክትሪክ ሶኬትና የጎማ ኩሽኔታ ከተሻገሩ በኋላ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ከመፈረሜ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተጎታቹ ካለዎት ለጉዞ እንደሚወጡ አድርገው ውኃውን ሞልተው፣ ጋዙንና ምግቡን ጭነው ወደ መኪና ሚዛን ይውሰዱትና የሙሉ ክብደቱንና የመንጠቆውን ጫና ለየብቻ ያስመዝኑ። ፋብሪካው የለጠፈው የባዶ ክብደት አይበቃም፤ መቶ ሊትር ውኃ ብቻውን መቶ ኪሎ ነው። ከዚያ የተሳፋሪዎቹን ክብደትና ሊገጥሙ ያሰቡትን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ላይ ይደምሩ፤ ብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ የጣሪያ ድንኳንና ተጨማሪ ባትሪ በአንድነት 200 ኪሎ ገደማ ሊደርሱ ይችላሉ። እነዚህን ቁጥሮች ይዘው የሚወዱትን መኪና አራቱን ጣሪያዎች ያነጻጽሩ፤ አንዱ እንኳ ካለፈ ተጎታቹን ያቅልሉ ወይም ሌላ መኪና ይዩ። ለሙከራ ሲነዱም ባዶውን መኪና ሳይሆን፣ ሻጩ ከፈቀደ፣ ተጎታቹን አያይዘው ዳገት ባለበት መንገድ ይሞክሩት።

የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያውን ግን ከመኪናው ጋር አብረው ይዘዙ፤ በኋላ ሲገጠም የጋቢናው ዳሽቦርድ ይፈታል።