የአይ አር ኤስ ደብዳቤ ለደረሰው የኡበር ሾፌር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። ግሪን ካርድ አለው፣ ያላገባ ነው፣ ሙሉ ጊዜውን ኡበር ይነዳል። የ2024 ታክሱን የሠራለት የሚያውቀው ሰው ነው። ሰውየው ባንክ የገባውን 46,000 ዶላር ብቻ ገቢ ብሎ አስገባ። ለሥራ የነዳውን ማይል በግምት 50,000 አለው። አዲስ አበባ ያሉትን እናቱን ዲፔንደንት፣ ማለትም በእሱ የሚተዳደሩ ጥገኛ፣ አድርጎ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ»፣ ታክስ የሚቀልለት የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ብሎ ሞላ። ፊርማውን ግን አላኖረም። አሁን ከአይ አር ኤስ፣ ከፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ መጥቶ «ገቢህ 61,000 ነው» ይላል። «ጋሼ፣ በእጄ ላልገባ ብር ታክስ ልከፍል ነው? ዜግነቴስ ይበላሽብኛል?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አትክተተው። ሲፒ 2000 የክፍያ ማዘዣ አይደለም። አይ አር ኤስ «በእኔ ዘንድ ያለው ቁጥር ካንተው ጋር አልገጠመም፣ ምን ትላለህ?» እያለህ ነው። መልስ የምትሰጥበት ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው። ዝም ካልክ ቀጥሎ የሚመጣው ጠንከር ያለ ማስታወቂያ ነው። ያኔ የታክስ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ይኖርሃል። ዛሬ በአንድ ወረቀት የሚያልቀው ነገር እዚያ ባይደርስ ይሻላል።

61,000ው ከየት መጣ? ኡበር ለአንተም ለአይ አር ኤስም የሚልከው 1099 ኬ የሚባል የገቢ ቅጽ ላይ የሚጻፈው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ሒሳብ ነው። ኡበር የቆረጠው ኮሚሽንና ክፍያም አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ትክክለኛው አሞላል 61,000ውን እንዳለ ገቢ አድርጎ፣ ኡበር የወሰደውን 15,000 በወጪ በኩል ማስቀነስ ነበር። ያንተ ሰው አቋርጦ የተጣራውን ብቻ ጻፈ፣ ኮምፒውተሩም ልዩነቱን ያዘው። የሾፌር አካውንትህ ውስጥ የዓመቱ የታክስ ማጠቃለያ አለ፣ ኮሚሽኑ እዚያ ላይ ተዘርዝሯል። አትመህ ከመልስህ ጋር አያይዘው። ላልያዝከው 15,000 ታክስ አትከፍልም።

ከበድ የሚለው ማይሉ ነው። በ2024 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም ይቀነስልሃል፣ በ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም። ለኡበር ሾፌር ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ የለም። ግን መዝገብ ይፈልጋል፣ «50,000 ገደማ» መልስ አይሆንም። አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ ባዶ እጁን መጥቶ ነበር። ዘይት ያስቀየረባቸውን ደረሰኞች ከመኪናው ኪስ ውስጥ አወጣን። ጋራዡ በየደረሰኙ ላይ የኦዶሜትሩን፣ መኪናው የሄደውን ማይል የሚቆጥረውን፣ ቁጥር ጽፏል። ከኡበር የጉዞ ታሪክ ጋር አያይዘን ዓመቱን መልሰን ገነባነው። አንተም ይህንኑ አድርግ። አፑ በርቶ ተሳፋሪ ስትጠብቅና ልትቀበል ስትሄድ የነዳኸውም ይቆጠራል። አፑን አጥፍተህ ቤተ ክርስቲያን የሄድክበት አይቆጠርም። ቅናሹን በማይል ካሰላህ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስና ጥገና ለብቻ አይቀነሱም፣ ለሥራ የከፈልከው ቶል (የመንገድ ክፍያ) እና ፓርኪንግ ግን ይቀነሳል።

እንበልና እውነተኛው ማይል 40,000 ሆነ። 26,800 ዶላር ይቀነሳል ማለት ነው። ከ61,000 ላይ ኮሚሽኑና ማይሉ ሲወጡ 19,200 ይቀራል። በዚህ ላይ የግል ሠራተኛ ታክሱ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውና የሜዲኬሩ ድርሻ፣ 2,700 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ሌላ ገቢ ከሌለህ ዋናው የገቢ ታክስ ከ300 ዶላር አያልፍም። በግምት ከተሞላው ይበልጣል፣ አዎ። ግን በማስረጃ የቆመ ቁጥር ነው፣ እንቅልፍም አይነሳህም።

ስለ እናትህ የምነግርህ ከልቤ እያዘንኩ ነው። በየወሩ እንደምትልክላቸው አውቃለሁ፣ እኔም የምልክላቸው አሉኝ። ነገር ግን ዲፔንደንት የሚሆን ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያሉ እናት አይገቡም፣ የላክኸውም ብር አይቀነስም። እሳቸው ከወጡ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» የሚለውም ይወድቃል። ይህንን አይ አር ኤስ ገና አላነሳብህም። ቢሆንም ሳይጠይቁህ አርመው። 1040 ኤክስ የሚባለውን የማረሚያ ቅጽ ሙላ፣ ከላይ «ሲፒ 2000» ብለህ ጻፍበት፣ ከመልስ ቅጹ ኋላ አያይዘው። የሜሪላንዱንም አብረህ አስተካክል፣ አይ አር ኤስ መረጃውን ለስቴቱ ያካፍላል።

ሰውየውን ልክሰሰው ትላለህ መሰለኝ። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው መፈረምና ፒቲን የሚባለውን የታክስ ሠሪነት መለያ ቁጥሩን ማስፈር ግዴታው ነው። ያልፈረመ ሰው ሲቸግርህ አታገኘውም። ያም ሆኖ በሕግ ፊት ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ወረቀቱ በስምህ ነውና።

ዜግነትን በተመለከተ፣ ኤን 400 በሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ላይ ያልከፈልከው ታክስ አለ ወይ፣ ማስገባት ሲገባህ ያላስገባኸው አለ ወይ ተብለህ ትጠየቃለህ። ዕዳ መኖሩ ብቻውን ዜግነት አያስከለክልም። የሚጎዳው አለማስገባትና ሐሰት መሙላት ነው። ራስህ ያረምከው ወረቀትና በየወሩ የምትከፍልበት ስምምነት በእጅህ ካለ፣ መርማሪው ፊት ስትቀርብ የምታሳየው ነገር አለህ። ስምምነቱን አይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ ራስህ መጠየቅ ትችላለህ። ብር የለኝም ብለህ ግን ታክስ ሳታስገባ እንዳትቀር። ያለማስገባት ቅጣት በወር 5 በመቶ ነው፣ ያለመክፈል ግን ግማሽ በመቶ።

ከአሁን ወዲያ በዓመት አራቴ፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ታክስህን በቅድሚያ ክፈል። ከየሳምንቱ ገቢህ ትንሽ ለይተህ ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጥ። ለጠበቃ የምትከፍለው ከሌለህ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ታክስ ከፋዮች የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይቆሙልሃል። መልሱን በሰርቲፋይድ ሜይል ላክ፣ ቅጂውንና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አንድ ላይ አስቀምጥ። ነገ ጠዋት መኪናህን ከማስነሳትህ በፊት ደግሞ የኦዶሜትሩን ፎቶ አንሳ።