ስለ እናት የመጨረሻ ሕክምና አስቀድሞ መወሰን ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ልባቸው ደክሟል፤ ኩላሊታቸውም ሥራውን እያቆመ ስለመጣ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ይደረግላቸዋል። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሶሻል ወርከሯ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ የሚባል፣ ሕመምተኛው ወደፊት መናገር ቢሳነው የሚፈልገውን ሕክምና አስቀድሞ የሚጽፍበትና ስለ እርሱ የሚወስን ወኪል የሚሾምበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ ልባቸው ቢቆም ደረታቸው እየተጫነ እንዲመለስ፣ በማሽን እንዲተነፍሱ፣ በቱቦ እንዲመገቡ ይፈልጉ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ሕመሙ የሚድን እንዳልሆነ ነግሮኛል፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳቸውም። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ «እንዳትፈርሚ፤ ሞታቸውን መጥራት ነው፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ለእግዚአብሔር ተዪ» ይሉኛል። ብፈርም እበድላለሁን? ማሽኑ ይቅር ማለትስ ነፍስ ማጥፋት ነውን?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ለእናትዎ ምሕረቱን፣ ለእርስዎም ብርታቱን ይስጥልን። ወረቀቱን መሙላት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አእምሯቸው ደኅና እስከሆነ ድረስ የሚወስኑትም የሚፈርሙትም እናትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ለእናቴ አልነገርኳቸውም» ያሉት ቃል ስለሆነ መልሴን ከዚያ እጀምራለሁ።

በአገራችን ክፉ ወሬ ለታመመ ሰው አይነገርም። ልማዱ ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ሕመምተኛው ተስፋ ቆርጦ እንዳይወድቅ ታስቦ ነው። ሆኖም ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ የሚያሳዩን መንገድ ሌላ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር ራሱ ነቢዩ ኢሳይያስን ልኮ እንደሚሞትና ቤቱን እንዲያስተካክል ነገረው። ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ፤ አለቀሰም፤ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። ሳይነገረው ቢቀር ኖሮ ያንን ጸሎት መቼ ይጸልየው ነበር? አባታችን ያዕቆብም የሚሞትበት ቀን በቀረበ ጊዜ ዮሴፍን ጠርቶ በግብፅ እንዳይቀብረው አስማለው፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ ባረካቸው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ ስለ ፍጻሜ አስቀድሞ መናገር እምነት ማጣት እንዳልሆነ ያስረዳሉ።

ለእናትዎ ሳይነግሯቸው ዝም ማለትዎ የሚያስቀርባቸው ነገር ቀላል አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ቱቦው በጉሮሮው ስለሚያልፍ ድምፅ አይወጣውም፤ ብዙውን ጊዜም እንዳይጨነቅ በመድኃኒት ያስተኙታል። በዚያ ሰዓት የንስሐ አባት ቢጠሩ ጸሎት ያደርሳሉ እንጂ ኑዛዜ ሊሰሙ አይችሉም። መዋጥ ለተሳነው ወይም ለሚያስመልሰው ሰውም ሥጋ ወደሙን ማቀበል አይቻልም። ስለዚህ ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባን፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፣ ልጆችን መመረቅ፣ ይህ ሁሉ አንደበትና አእምሮ ባሉበት ጊዜ የሚደረግ ነው። ምሥጢረ ቀንዲልም እንደዚሁ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራና ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዘዘው ለሚድነውም ለማይድነውም ነው። ብዙ ቤተሰብ «ካህን ሲያዩ ልሞት ነው ብለው ይደነግጣሉ» እያለ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያዘገያል፤ ካህኑ የሚደርሱትም ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ይሆናል። ይህ በአገልግሎታችን እጅግ የሚያሳዝነን ነገር ነው።

እንዴት ይነገራቸው? በአንድ ጊዜ ሁሉን ማፍሰስ አያስፈልግም። አስቀድመው «እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመምዎ የሚለውን እርስዎ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለእኔ ይነገረኝ?» ብለው ይጠይቋቸው። መስማት ከፈለጉ በሆስፒታሉ አስተርጓሚ በኩል ሐኪሙ ይንገራቸው። እርስዎ አስተርጓሚ አይሁኑ፤ የልጅ አንደበት ሳያውቀው ያለሰልሳል፤ «አይድንም» የተባለውን «ትንሽ ያስቸግራል» አድርጎ ያቀርባል። ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ለመጠየቅ አይፈሩ። «እኔ አልሰማም፤ ለአንቺ ይነገርሽ» ካሉ ግን ይህም የእርሳቸው ውሳኔ ስለሆነ ይከበርላቸው፤ እርስዎን ወኪላቸው አድርገው ይፈርሙ። በዚያም ጊዜ ቢሆን የንስሐ አባታቸው መምጣት አይዘገይ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነች ልንጥላት አልተፈቀደልንም፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ እግዚአብሔር ከምድር የፈጠረውንም መድኃኒት እንዳንንቅ ያስተምረናል። ስለዚህ «እምነት ካለኝ ሕክምና አያስፈልገኝም» የሚል ሰው፣ ጠበል እየተጠመቀ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጠውም ጭምር፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አልተከተለም። ሕዝቅያስ እንኳ ተስፋው ከተሰጠው በኋላ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል። ነገር ግን ሕክምናን ማክበር ማለት ያለውን መሣሪያ ሁሉ በማንኛውም ሰው ላይ እስከ መጨረሻው መጠቀም ማለት አይደለም። ሕክምናው የሚያድን ወይም የሚያስታግስ መሆኑ ቀርቶ የሞትን ጣር ብቻ የሚያስረዝም ከሆነ ሕመምተኛው «ይህ ይቅርብኝ» ማለቱ ራስን ማጥፋት አይባልም፤ ቃሉን ያከበረለት ልጁም ነፍሰ ገዳይ አይደለም። የሚገድለው ሕመሙ ነው።

ይህ እንዲገባዎት የተጠየቁትን ነገር ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ልብ ሲቆም የሚደረገው እርዳታ ደረትን በኃይል ደጋግሞ መጫን ነው፤ በሸመገለና በከሳ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የጎድን አጥንት ይሰብራል። ልቡ የተመለሰለትም ሰው በአብዛኛው ወደ መተንፈሻ ማሽን ይገባል። ልባቸውና ኩላሊታቸው ለደከመ እናት ይህ ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ሐኪሙ በግልጽ ሊነግራችሁ ይገባል። በሌላ በኩል የሳንባ ምች የያዘው ሰው ለጥቂት ቀናት በማሽን ተንፍሶ ድኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን እርዳታ በተስፋ መቍረጥ መግፋት ትክክል አይደለም። ስለዚህ «ማሽን አልፈልግም» ብሎ በጥቅሉ ከመጻፍ ይልቅ «ለጥቂት ቀናት ይሞከር፤ ለውጥ ከሌለ ይቁም» ብሎ መወሰንም እንደሚቻል ይወቁ። ዳያሊሲሱም እንደዚሁ ነው፤ ሰውነታቸው እስከቻለውና ዕድሜ እስከሰጣቸው ድረስ መልካም ነው። የማይችሉት ጊዜ ከመጣ ግን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክሮ መወሰን ነው። መቼም ቢሆን የማይቀርባቸው ነገር አለ፦ በአፋቸው ሊወስዱ የሚችሉት ምግብና ውኃ፣ ንጽሕናቸው፣ ጸሎቱና የሰው አብሮነት።

ስለ ሕመም ማስታገሻም ብዙዎች ይጨነቃሉ። ሞርፊን ይሰጣቸው ሲባል «ሊገድሏቸው ነው» የሚል ፍርሃት አለ፤ ጌታም ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልጠጣም ብለው የሚከለክሉ አሉ። ጌታችን ያንን የተወው በፈቃዱ ለእኛ መከራን ሲቀበል ነው እንጂ ለሕመምተኞች ሕግ ሲሠራ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ 31፥6 ለሚጠፋ ሰው ብርቱ መጠጥ እንዲሰጠው ተጽፏል። በሐኪም መጠን ለሥቃዩ የሚሰጥ መድኃኒት ምሕረት ነው። ሆስፒስ የሚባለውም አገልግሎት፣ ሐኪሞች ሕመሙ በተለመደው መንገድ ከሄደ ከ6 ወር አያልፉም ብለው ሲገምቱ የሚሰጥና ሥቃይን በማስታገስ ላይ የሚያተኩር፣ ብዙውን ጊዜም በቤት የሚደረግ እንክብካቤ ስለሆነ መግደያ ቤት አድርገው አይዩት።

ድንበሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በኦሬጎን ከ1997 እ.ኤ.አ.፣ በካሊፎርኒያ ከ2016፣ በአጎራባቻችሁ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ሐኪም የሚገድል መድኃኒት አዞ ሕመምተኛው ራሱ እንዲወስደው ሕጉ ይፈቅዳል። ሕግ ስለፈቀደው ለክርስቲያን የተፈቀደ አይሆንም፤ ሊጠይቀውም ሊያቀብልም አይገባውም። ሳኦል በጣር ሳለ ግደለኝ ስላለኝ ገደልኩት ብሎ የመጣውን አማሌቃዊ ዳዊት ርኅራኄ አደረግህ አላለውም፤ እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጅህን ስትዘረጋ እንዴት አልፈራህም ብሎ ፈረደበት። እናትዎ «ይቅርብኝ» ሲሉ ከየት እንደመጣ ማዳመጥም ያስፈልጋል። ብዙ እናቶች የሚሉት «ልጆቼን አላስቸግር» ነው። ከዚያ ከሆነ የወጣው መጀመሪያ መልስ የሚያስፈልገው ለኀዘናቸው ነው፤ ሸክም እንዳልሆኑ ተነግሯቸው፣ በተግባርም አይተውት፣ ከዚያ በኋላ ይወስኑ።

ወንድሞችዎና እኅቶችዎ «ለእግዚአብሔር ተዪ» ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ዝም ቢባል ነገሩ ለእግዚአብሔር የተተወ አይሆንም። አምቡላንስ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ ሌላ ትእዛዝ ካላየ የሚያውቀውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ዝምታውም ራሱ ውሳኔ ነው፤ ያውም እናትዎ ያልተጠየቁበት። ደግሞም የተጠየቃችሁት ሆስፒታሉ ተስፋ ስለቆረጠባቸው አይደለም፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አዋቂ ታካሚዎቻቸውን ሁሉ ይህን መብታቸውን እንዲያሳውቋቸው ያስገድዳል። በሜሪላንድ ወኪል ካልተሾመና የትዳር ጓደኛ ከሌለ አካለ መጠን የደረሱ ልጆች ሁሉ እኩል ድምፅ አላቸው፤ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል። በሐዘን ሰዓት በእናት አልጋ ዙሪያ ከመጣላት እናት ራሳቸው በስልክ ድምፁን ከፍ አድርገው ለሁሉም ልጆቻቸው ፈቃዳቸውን ቢነግሯቸው ይሻላል።

ሲጽፉ የሃይማኖታቸውንም ነገር ያስገቡ፦ የትኛው ካህን እንዲጠሩ፣ ሥጋቸው እንዳይቃጠልና በጸሎተ ፍትሐት እንዲቀበሩ፣ ቀብራቸው እዚያው ይሁን ወይስ በአገር ቤት። ሰነዱን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ወኪላቸው እርስዎ ከሆኑ ምስክር መሆን አይችሉም፤ ከሁለቱም ቢያንስ አንዱ ከሞታቸው በገንዘብ የማይጠቀም መሆን አለበት። አሳብ ቢለውጡ በቃል እንኳ ሊሽሩት ይችላሉ። ቅጂውን ለሐኪማቸው፣ ለዳያሊሲስ ጣቢያውና ለንስሐ አባታቸው ይስጡ። የአምቡላንስ ሠራተኞችን የሚያዛቸው ግን ይህ ሰነድ ብቻውን ሳይሆን ሞልስት የተባለው፣ ሐኪም የሚፈርምበት ቅጽ ስለሆነ፣ እናትዎ ከወሰኑ በኋላ እርሱንም ከሐኪማቸው ጠይቀው በቤት በሚታይ ቦታ ያኑሩት።