የገበሬ መሬት ላይ ቤት ልሠራ ነው፤ ስንት ያስወጣኛል?

ጥያቄ፦ ኩዌት ነው የምሠራው። ወንድሜ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ 400 ካሬ ሜትር ቦታ አግኝቶልኛል። ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ላሠራ አስቤያለሁ። የግንባታው ሂደት እንዴት ነው? ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ከመሠረት እስከ ጣራ በግምት ስንት ይፈጃል? ወንድሜ አጥሩ በዚህ ሳምንት ይታጠር፣ ጣራውም እስከ ፋሲካ ይውጣ እያለኝ ነው። ባለመሬቱ ጥሩ ሰው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ።

ሂደቱ የታወቀ ነው። ይዞታው ሕጋዊ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ፕላን ይሠራል፣ ፈቃድ ይወጣል፤ ከዚያ ቁፋሮና መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣራ፣ በመጨረሻ ልስን፣ በርና መስኮት፣ መብራትና ውሃ ይከተላሉ። በገጠር ቀበሌ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ወጪውን በቁጥር አልነግርዎትም፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ይህን መልስ አንብበው ሳይጨርሱ ሊቀየር ይችላል። መሐንዲስ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት በጽሑፍ ያውጣልዎት፤ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ልክ ብቻ ይሁን፣ ያለ ደረሰኝ አይከፈል።

አሁን ወደ ዋናው። ስለ ብሎኬቱና ስለ ጣራው ነግረውኛል፤ ስለ መሬቱ ግን ባለቤቱ ጥሩ ሰው ከመሆኑ በቀር ምንም አልነገሩኝም። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? ብር ተከፍሏል? ተከፍሎ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ? ከልምድ ልገምት፦ ብሩ ተከፍሏል፣ የመንደር ውል ተጽፎ ሦስት ምስክር ፈርሞበታል፣ የእርስዎ ስም ግን የለበትም። የአጥሩ ጥድፊያም ከዚሁ የመጣ ነው። «አንዴ ከተሠራ አያፈርሱትም» ተብሎ ታስቧል። ያፈርሳሉ፣ እህቴ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ሆነ የአማራ ክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ከዚህ አይወጡም። የገበሬ ይዞታ በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ሊተላለፍ ይችላል፤ እያንዳንዱ የራሱ ገደብ አለው። ስጦታውም በመንገድ ላገኙት ሰው የሚሰጥ አይደለም።

ደላሎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ውሉ ላይ «ሽያጭ» የሚል አያገኙም። አንዱ ገበሬው ገንዘብ የተበደረ አስመስሎ ይጽፋል፤ ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው በመሬቱ ይጠቀማል ይባላል፣ ብድሩን መላሽም ጠያቂም የለም። ሌላው ለብዙ ዓመት የተከራየ ያደርገዋል። ሦስተኛው፣ ብዙ የተማረ ሰው ሳይቀር የሚሸወድበት፣ የቤት ሽያጭ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል፣ አሮጌ ቆርቆሮ ይጣልበታል፣ «ቤቴን ሸጥኩለት» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(7) ሰው በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ስለሚሰጥ፣ ደላላው አንቀጹን በቃሉ ጠቅሶ ያሳይዎታል። አንቀጹ አለ፤ የሚጠብቀው ግን በጉልበትና በገንዘብ የለማን እውነተኛ ንብረት ነው። ፍርድ ቤት የውሉን ርዕስ አይቶ አያቆምም፤ ዳሱ ስንት ያወጣል፣ የተከፈለውስ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። የሁለት ሉክ ቆርቆሮ ዋጋ ከተከፈለው ብር ጋር ሲነጻጸር የተሸጠው መሬቱ መሆኑ ፍንትው ይላል።

እንዲህ ያለ ውል ዓላማው ሕገ ወጥ ስለሆነ ፈራሽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1808 መሠረት ይፍረስልኝ ብሎ ከተዋዋዮቹ ማንኛቸውም፣ ጥቅም ያለው ሦስተኛ ወገንም ሊያመለክት ይችላል። እዚህ ላይ ነው ጥሩው ሰው የሚለወጠው። እሱ ባይለወጥ እንኳ ሚስቱ አለች። የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተሩ ላይ በሁለቱም ስም ነው የሚመዘገበው፤ እሷ ካልፈረመች ገና ከመነሻው ነገር አለ። ነገ ደግሞ ልጆቹ ያድጋሉ፣ የመሬቱ ዋጋ ይንራል፣ አንዱ ጠበቃ ይዞ ይመጣል።

«ብሬን ይመልሳሉ» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ ይላል። ግን የሚመለሰው የተረጋገጠው ብር ነው፣ ያውም ለተዋዋዩ። ወረቀቱ ላይ ከከፈሉት ሩብ ያህሉ ብቻ ከተጻፈ ፍርድ ቤት የሚያየው ሩቡን ነው። ውሉ በወንድምዎ ስም ከሆነ ገንዘቡ የሚፈረደው ለወንድምዎ ነው። ባለትዳር ከሆነም ሚስቱ የጋራ ሀብታችን ነው ልትል ትችላለች፤ አይደለም ለማለት ማስረጃ የሚያስፈልገው ከእርስዎ በኩል ነው። ገንዘቡን የላኩት በባንክ ነው ወይስ በሰው? በሰው እጅ ከሆነ ደረሰኝ የለዎትም። ይህን ስል ወንድምዎን ሌባ እያልኩ አይደለም። አብዛኛዎቹ ወንድሞች ቅን ናቸው፤ የሚያጣላው ወረቀት አለመኖሩ ነው።

ከተማው ሰፍቶ ቦታውን ቢወስደውስ? በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በጨረቃ ቤት ካሳ ልጠይቅ ቢሉ ከመዝገብ ቤት አያልፉም።

ስለዚህ አጥሩ ይቁም። ድንጋይ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ካለም ወደ ሻጩ ይመለስ። ወንድምዎ የገበሬውን ደብተር፣ ፎቶና የማሳ ቁጥር ያለበትን ገጽ፣ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦም ቦታው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ክርክር እንዳለበትና በከተማው ፕላን ውስጥ መግባቱን ይጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። ብሩ ከተከፈለ፣ ገበሬው ጥሩ ሰው ነው ያሉትን አሁን ይጠቀሙበት፤ ክስ ሳይነሳ በሽማግሌ ይመልስ፣ ስምምነቱን ግን እዚያው አካባቢ ያለ ጠበቃ ያርቅቀው። ውክልና የሚሰጡ ከሆነ ቆንስላ ቀርበው ጉዳዩን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያድርጉት። «በስሜ ሁሉንም ያድርግ» የሚል ወረቀት አይፈርሙ።

ቤት መሥራቱን አልከለከልኩም። ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት መግዛት ወይም ቦታ በሊዝ ጨረታ መውሰድ ይቻላል፤ ውድ ነው፣ ግን የእርስዎ ይሆናል። አባትዎ የራሳቸው ይዞታ ካላቸው ሌላም መንገድ ሊኖር ይችላል። በእሳቸው ፈቃድ በጓሯቸው ቢሠሩ፣ ቤቱ በእርስዎ ገንዘብ መሠራቱ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይያዝ፤ ካልሆነ ውርስ ሲከፈል ወንድም እህቶችዎ ከአባታቸው ንብረት ይቆጥሩታል። ይህም ቢሆን ወረዳውን ሳይጠይቁና ጠበቃ ሳያማክሩ አይጀመርም።

የውሉን ቅጂ፣ የደብተሩን ፎቶና ገንዘብ የላኩባቸውን ደረሰኞች ሰብስበው ይላኩልኝ። እስካሁን የሰጠሁዎት ግምት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ሌላ ከሆነ መልሴም ሌላ ሊሆን ይችላል።