ጠበል የገባ ሕመምተኛ ክኒኑን ያቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት እንቅልፍ አጣ። ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፣ ይዘምራል፣ ያለችውን ገንዘብ ለመንገደኛ በተነ። ከዚያ ደግሞ ወር ሙሉ ከአልጋ አልነሣም አለ። ሐኪሞች ባይፖላር ነው ብለው ሊቲየም የሚባል ክኒን አዘዙለት። አሁን ደህና ነው። ጠበል ስናስጠምቀው ግን እዚያ ያገኘናቸው ሰዎች «ክኒን እየዋጠ ጠበል አይሠራለትም፤ እምነት ቢጎድለው ነው» አሉን። እናታችንም ለመስከረም 21 ግሸን እንውሰደው፣ ከዚያ በፊት ሱባኤ ይያዝ፣ ክኒኑንም ይተወው ትላለች። ምን ይሻለናል? ደግሞስ ሕመሙ ከመንፈስ ነው ወይስ ከሥጋ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዋናውን ላስቀድም። ክኒኑን እንዳታስቆሚው። ጠበሉንም እንዳታስቆሚው።

«እምነት ቢጎድለው ነው» ያሉሽ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። እኔም ብዬዋለሁ። ገና ወጣት ሰባኪ ሳለሁ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ጠበሉን ካመናችሁ ክኒን ምን ይሠራል?» አልኳቸው። ልጁ ሦስት ሳምንት ደህና ሆነ፤ እልልታው ቀለጠ። በሁለተኛው ወር ግንድ ላይ ታስሮ አየሁት።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበር። መድኃኒቱን ባቆሙት ማግስት ሕመሙ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። እንዲያውም ክኒኑ ያመጣው የእጅ መንቀጥቀጥና መፍዘዝ ስለሚለቀው ሰውየው ከበፊቱ የተሻለ ይመስላል። «ይኸው ዳነ!» ይባላል። በኋላ ሲያገረሽበት ክኒኑን ማንም አያስታውሰውም፤ «መንፈሱ ተቆጣ» ተብሎ ያልፋል። ሊቲየምን ባንዴ ማቋረጥ ደግሞ ሕመሙን ቶሎ ይጠራዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውማ መድኃኒቱን ባንዴ ቢተው ነፍሱንም ሊያጣ ይችላል። ክኒኑ ካፈዘዘው መፍትሔው ለሐኪሙ መንገር ነው፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል።

መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ቢሆን ኖሮ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር አይለንም ነበር። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር (ቆላስይስ 4፥14)። በእኛ ዘመንም በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ያኔም የነበረው ክርክር ይኸው ያንቺው ነበር።

ከመንፈስ ነው ወይስ ከሥጋ ላልሽው፣ ማቴዎስ 4፥24ን አንብቢ። ወደ ጌታ ከመጡት መካከል አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሡትን (ብዙዎች የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው ይላሉ) ለብቻ ይቆጥራል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ዛር፣ መተት፣ ዓይነ ጥላ እያልን አንድ ላይ እንጠቀልለዋለን። በደብዳቤ ሆኜ የወንድምሽን ልለይልሽ አልችልም። ክኒኑን ለመዋጥ ግን ያ እስኪለይ መጠበቅ የለበትም። ኤልያስን አስቢው። ያ ታላቅ ነቢይ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር ተኝቷል። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ከዚያም መልአኩ ዳግመኛ ቀስቅሶ «ብላ» አለው (1ኛ ነገሥት 19)።

ስለ ሰንሰለት አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳልናገር አላልፍም። በማርቆስ 5 ያንን በመቃብር የሚኖር ሰው ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ጌታ ስሙን ጠየቀው። ማንም ወንድምሽን እንሰረው ቢልሽ እንቢ በይ።

አሁን ወደ ሱባኤውና ወደ ግሸን። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሊቲየሙን ይይዘዋል፤ በደም ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ቃል መምታታት ይመጣል። ለሕይወትም ያሰጋል። ውኃ ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ ጠበል ጠጥቶ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ግሸን አምባ ላይ በላብ የሚወጣ ሰው እዚያ ሊደርስ ይችላል። የሚከፋው ነገር፣ ጠበል ቦታ ላይ ቢንገዳገድ «እየለቀቀው ነው» ብለን እናጨበጭባለን! እንዲህ ሲሆን ካየሽ ወደ ጤና ተቋም ሩጪ። ማኅሌት ቁሞ ማደሩም ለእሱ ቀላል አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ያንን የመጀመሪያውን ሌሊት ሊመልስበት ይችላል።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ለታመመ ሰው ያዝናል። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ከመቁረቡ በፊት ላለው 18 ሰዓትም ክኒኑ በየትኛው ሰዓት ቢሆን ይሻላል ብላችሁ ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግሸንን በዓሉ ሲያልፍ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ውኃ ይዞ፣ አድሮ ተኝቶ ቢሳለም ግማደ መስቀሉ አይሸሸውም።

እናትሽን አትቆጫት። እሷ ባደገችበት ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጠበሉ ግን ቅርብ ነው፣ ብርም አይጠይቅም። ወሎ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እዚያው የሚገናኘው ለዚህ ጭምር ነው። ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት መርምረው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው አብዛኞቹ ሐኪም አይተው አያውቁም። ለዓመታት ሲከታተሏቸውም ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው እንደሚሞቱ አዩ። መንግሥት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ ይውረድ ያለውም ለዚህ ነው። ባለሙያውና ክኒኑ በየጣቢያው ሁልጊዜ አይገኝም፤ እሱን እኔም አያለሁ። እናንተ ግን አንዴ አግኝታችሁታልና አትልቀቁት።

ቀጠሮው መቼ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ከመስከረም 21 በፊት ከሆነ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። የሊቲየሙን የደም ምርመራ ያሠራ፤ የጾሙንና የግሸኑን ጥያቄ እሷው ራሷ ለሐኪሙ ታቅርብ።